ሰባት ደብተር ለቅዱስ ዮሐንስ

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

በቃ ዛሬ ጀመርኩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ፎቶኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ ተማሪው ከወጣ ወዲህ ሥራ የሚባል ነገር የለም፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው እንኳን ሊገባ በመንገድም አያልፍ፣ እና ስልክ ስነካካ ከምውል ብዬ ጠረጴዛው ስር ያለውን የብልሽት ካርቶን ጎትቼ አወጣሁት። ብልሽት የምንለው ማሽኑ ያኘከውን፣ ሁለት ሁለት ሆኖ የወጣውን፣ ቶነር ሲያልቅ ግማሹ ነጭ የቀረውን ነው። ባለቤትየው ድሮም "ለእሳት ማያያዣ ውሰጅው" ብሎኛል። ሳገላብጠው ከግማሽ በላዩ አንድ ፊቱ ንጹህ ነው። ስም ያለበትን፣ ማመልከቻና ውጤት ምናምን ለይቼ ቀደድኩት፣ የሰው ጉዳይ ይዞ መዞር አልፈልግም።

እቅዱ፦ ለቅዱስ ዮሐንስ (እኛ ቤት አዲስ ዓመት የሚባለው እንደዛ ነው) 7 ትንንሽ ደብተር በእጄ ጠርዤ ለ7 ሰው ልሰጥ። ለእማዬ፣ ባህር ዳር ላለችው እህቴ፣ ክረምቱን እኛ ጋ ለሚያሳልፈው ልጇ (9 ዓመቱ ነው፣ እስካሁን ማሙሽ እያልን ስለምንጠራው ይናደዳል)፣ ለየኔታ፣ ቡና ለምታጣጣን ለጎረቤታችን ለእትዬ፣ አብራኝ ለምትሠራው ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ለሚወስደኝ ባለባጃጅ። ጎን ለጎን ደግሞ ለራሴ የጨዋታ ደብተር፣ በቀን አንድ ገጽ። ዳያሪ አይደለም፣ "ዛሬ ከፍቶኝ ዋለ" የሚባልበት አይደለም፤ ያገኘሁትን የምለጥፍበት፣ የምሞነጫጭርበት፣ በቃ የምጫወትበት። ኢንተርኔት ላይ ስታዩት ባለ ብዙ ሺ ብር ስቲከርና ቴፕ ነው የሚያሳዩት፣ እኔ እሱን እርግፍ አድርጌ ትቼዋለሁ። የስኳር ወረቀት አለኝ።

ሐምሌ 6

ባዶ ገጽ አያስፈራችሁም? ከሦስት ዓመት በፊት ፒያሳ የገዛሁት ጠንካራ ሽፋን ያለው የሚያምር ደብተር አለኝ፣ "ለቁም ነገር" ብዬ ከነፕላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ቁም ነገሩ እስካሁን አልመጣም። ስለዚህ የዘንድሮ ደንቤ የመጀመሪያውን ገጽ ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። ጠዋት ቡና ሲፈላ የሲኒውን ቂጥ አተላ አስነክቼ ገጹ ላይ ሦስት ቦታ አተምኩት። አንዱን ክብ መሶብ አደረግኩት፣ አንዱን የባጃጅ ጎማ፣ ሦስተኛው ምንም ብለው አልሆን ብሎ ብሎ የእትዬን ፊት መሰለኝ፣ ሻሽ ጨመርኩለት።

እማዬ አይታ "አንች ልጅ ሠላሳ ዓመት ሊሞላሽ ነው'ኮ" አለች። ከዛ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለችና "ሻሿን እንዲህ አይደለም የምታስረው፣ ወደ ኋላ ነው" ብላ አረመችኝ።

ሐምሌ 9

ገጽ 4። የተፋቀ የሞባይል ካርድ፣ የሻይ ቅጠል ከረጢት ክር፣ የከረሜላ ወረቀት በአበባ ቅርጽ ተቆርጦ። መብራት የለም። በሻማ መለጠፍ አይመከርም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያውን ሙከራ አበላሸሁ ግን ጥሩ ነገር ተማርኩበት። ኤ ፎሩን መሀል ለመሀል እያጠፍኩ ኤ ፋይቭ የሚያክል ደብተር ሠራሁ፣ በስፌት መኪና ክር ሰፋሁት፣ ሲያልቅ አልዘጋ አለኝ። እንደ ተራበ ጫጩት አፉን ከፍቶ ቁጭ። ሱቅ ውስጥ አራት ደስጣ ወረቀት ጭኜበት አደረ፣ ጠዋት ሳነሳለት ቀስ ብሎ ተመልሶ ተከፈተ፣ ሲያስቅ!

ነገሩ ለካ የወረቀቱ ቃጫ ነው። ወረቀት ፋብሪካ ሲሠራ ቃጫው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል፣ ልክ እንጨት ፈትል እንዳለው ማለት ነው፤ በቃጫው ርዝመት ስታጥፉት እሺ ብሎ ይተኛል፣ አቋርጣችሁ ስታጥፉት ግን እየሰበራችሁት ስለሆነ ይታገላችኋል። ለማወቅ፣ ከወረቀቱ አንድ ትንሽ ካሬ ቆርጦ አንድ ፊቱን ብቻ በውሃ ማራስ ነው። ወዲያው እንደ ቱቦ ይጠቀለላል፣ ቱቦው የተኛበት አቅጣጫ የቃጫው አቅጣጫ ነው። የኛ ሱቅ ኤ ፎር ቃጫው በረጅሙ ጎን ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ መሀሉን አጥፌ ቃጫውን አቋርጬዋለሁ። መፍትሄው መጀመሪያ በከተር ለሁለት መቁረጥ፣ ከዛ እያንዳንዱን ግማሽ ማጠፍ፤ ያኔ እጥፋቱ ከቃጫው ጋር ይሄዳል፣ የሚወጣው ደብተርም ኪስ የምትገባ ኤ ሲክስ ትሆናለች። ስጦታ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ያምራል።

ሂሳብ፦ አራት ግማሽ ወረቀት አንድ ላይ ሲታጠፍ አንድ ጥራዝ፣ 16 ገጽ። ስድስት ጥራዝ አንድ ደብተር፣ 96 ገጽ፣ ማለትም 12 ኤ ፎር። ለሰባቱ 84። ብልሽት ካርቶኑ ውስጥ ለአስር ዓመት የሚሆን አለ።

አፉን የማይዘጋውን አልጣልኩትም። መደርደሪያ ላይ ነው።

ሐምሌ 16

ሙጫ። ዩሁ ውድ ነው ደግሞም ሲደርቅ ወረቀቱን ያኮማትረዋል፣ ስለዚህ የልጅነታችን የዱቄት ሙጫ። አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአምስት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ እብጠቱ እስኪጠፋ ማሸት፣ ከዛ በቀስታ እሳት እያማሰሉ ገንፎ ሳይሆን አጥሚት የሚመስል ነገር ሲሆን ማውረድ። ማሙሽ ጣቱን ነክሮ ቀምሶ "ጨው የለውም" አለ።

ሽፋኑ የድሮ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ካርቶን ነው፤ ላዩ ላይ የባህል ልብስ ከሚሰፉ ልጆች የለመንኩት የጥለት ቁርጥራጭ። አንድ ማስታወሻ፦ ካርቶን በአንድ ፊቱ ብቻ ሲለጠፍበት ሲደርቅ ወደተለጠፈበት በኩል ይጎብጣል፣ በውስጡም ወረቀት ለጥፎ ማመጣጠን ያስፈልጋል። ይሄንን ያወቅኩት እንደ ሰፌድ ጎብጦ ካየሁት በኋላ ነው።

ሐምሌ 17

አይጥ። የሰፌዱን አንድ ጥግ በልታዋለች። የስንዴ ሙጫ ለሷ እራት ነው ለካ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ነገር የወተት ጣሳ ውስጥ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ገብርኤል ነበር፣ እማዬ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ተያይዘን ቅዳሜ ገበያ ወረድን። የፈለግኩት ሰም ነው። ክር በሰም ካልታሸ ይተበተባል፣ ቀዳዳው ውስጥ ይንሸራተታል፣ ቋጠሮ አይዝም። እቤት የተረፈ ጧፍ ነበረ፣ ጧፍ ራሱ ሰም የጠጣ ፈትል ነው፣ እሱን ፈትቼ ልጠቀም ስል እማዬ ዓይኗ ፈጠጠ፣ "ለስለት የመጣ ጧፍ ለመጫወቻ?" እሺ፣ አልነካሁም። (የዘንድሮ ጧፍ ደግሞ አብዛኛው የንብ ሰም አይሸትም፣ ይሄን ግን ለሷ አልነገርኳትም።)

ማር ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ ጋ ቡጢ የምታክል ቢጫ ሰም አገኘሁ። ሳሸታት ማር ማር ትላለች። ሴትዮዋ "ለጫማ ነው?" አለችኝ፣ "ለደብተር" ስላት ጎኗ ወዳለችው ዞራ "ለደብተር አለች" ብላ ነገረቻት፣ ያችኛዋም ለሚቀጥለዋ። ሰልፉን ጨርሰው ሳይስቁብኝ ከፍዬ ወጣሁ።

ክሩን ግን እማዬ ሰጠችኝ። የናይለን የጫማ ክር ልገዛ ስል "ወረቀቱን እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል" ብላ ከሳጥኗ የራሷን ፈትል አወጣች፣ ነጠላ ሊሆን ነበር፣ ሸማኔ ጋ ሳይሄድ የቀረ። አራት እጥፍ አድርጋ በጭኗ ላይ እያንከባለለች ከረረችልኝ። እኔ ሰሙን ይዤ ክሩን ሦስት ጊዜ ሳሳልፈው መጀመሪያ ይንቀጫቀጫል ከዛ ዝም ይላል። ዝም ሲል ጠግቧል ማለት ነው።

ሐምሌ 23

የዛሬው ረዘም ይላል።

ስፌቱን ከቪዲዮ ነበር የማየው፣ ፈረንጇ "ኮፕቲክ" ትለዋለች፣ ጀርባው ሳይሸፈን ሹሩባ የመሰለ ስፌት የሚታይበት፣ ሲከፈት ጠረጴዛ ላይ ዝርግት የሚል። ስድስቴ አየሁት፣ ስድስቴ ተወሳሰበብኝ። ማታ የኔታ ጸበል ሊሰጡን መጥተው (ለእማዬ የንስሐ አባት ናቸው፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩትም እሳቸው ጋ ነው) ጭኔ ላይ የተዘበራረቀውን አይተው ዝም ብለው ቆዩና "ይኸ አንድ መርፌ ምን ያደርጋል?" አሉ።

"እና ስንት ነው የኔታ?"

ከማኅደሩ ዳዊታቸውን አወጡ። ስንት ጊዜ ተስሜዋለሁ ያንን ዳዊት፣ ጀርባውን ግን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። ቆዳው ላይኛው ጫፍ ላይ ተልጧል፣ በተላጠበት በኩል ያው ሹሩባ! ቁርጥ ያው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወርድ። ክሩ ጅማት ነው፣ ገጹ የፍየል ብራና፣ ገበታው (ሽፋኑ ማለት ነው) እንጨት። እኔ ቪዲዮ ለማየት ጥቅል ስገዛ መጽሐፉ የየኔታ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

እሳቸው እንዳሳዩኝ ልጻፈው፣ ኋላ እንዳልረሳ። አራት ቀዳዳ በወስፌ፣ ሁለት ሁለት ጥንድ። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ክር፣ በክሩ ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ። ሁለቱም መርፌዎች ከመጀመሪያው ጥራዝ ሆድ ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ በቀጣዩ ጥራዝ ትይዩ ቀዳዳ ይገባሉ፣ ውስጥ ሲገናኙ ይተላለፋሉ፤ የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ይወጣል። ሲወጡ ዝም ብለው ወደ ላይ አይሄዱም፣ መጀመሪያ ወደ ታች ወርደው የታችኛውን ስፌት ከጀርባው ዞረው ያቅፉታል፣ ከዛ ነው ወደሚቀጥለው ጥራዝ። ያ ማቀፉ ነው ሹሩባውን የሚሠራው። ገበታዎቹም በዛው ክር ይያዛሉ፣ ዳር ላይ በተበሳ ቀዳዳ።

ሌላም ነገር ነገሩኝ፦ ብራና ላይ መስመር በቀለም አይሰመርም፣ በወስፌ ጫፍ ይጫራል፣ ሲጻፍበት መስመሩ አለ፣ ሲነበብ ግን አይታይም። ይሄን ወዲያው ሰረቅኩት፣ የእትዬን ደብተር በሙሉ እንዲህ ነው ያሰመርኩት።

ሲሄዱ በር ላይ ቆመው "ለማን ነው የሚሰጠው?" አሉ። አንዱ ለእርስዎ ነው ማለት አልቻልኩም። "ለሰው" አልኩ።

ሐምሌ 28

ሁለት ደብተር አለቀ። ሦስተኛው ላይ አራተኛውን ጥራዝ ቀዳዳውን ቀድጄዋለሁ። ምክንያቱ፣ ክሩን ለማጥበቅ ወደ ራሴ ሳብኩት። ወደ ራስ መሳብ የለም። ክር የሚጠብቀው በጀርባው ርዝመት ወደ ጎን ሲሳብ ነው፣ ወደ ላይ ወይ ወደ ራስ ከሆነ ወረቀቱን እንደ መጋዝ ይሰነጥቀዋል። ጣቶቼ ሰም ሰም ይሸታሉ፣ ደስ ይላል።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

የቀለም ሙከራ። ፍልሰታ ስለገባ ማሙሽ እስከ ስምንት ሰዓት ይጾማል፣ ረሃቡን እንዲረሳ ረዳት አድርጌዋለሁ።

እርድ በፈላ ውሃ፣ አደይ አበባን የሚያስንቅ ቢጫ። ቀይ ስር ተፍቆ ተጨምቆ፣ ሮዝ። የቡና አተላ፣ ቡኒ። የምጣድ ጥቀርሻ ከግራር ሙጫ ጋር፣ ጥቁር። የኔታ የጻፊ ቀለም እንደዚህ በአንድ ቀን አይደርስም፣ ወራት ይከርማል ነው የሚሉት፣ የኔ ግን ለሙንጨራ ይበቃል፣ በመቃ ሲጻፍበት ደግሞ እውነተኛ ይመስላል።

ማሙሽ አንድ ነገር አገኘ። እርድ የነካ እጁን በሳሙና ሲታጠብ እጁ ቀይ ሆነ! ጮኸ፣ የተቆረጠ መስሎት። ለካ እርድ ሳሙናም ሆነ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል፣ ሎሚ ሲጨመርበት መልሶ ቢጫ። ቀኑን ሙሉ በጥጥ ጫፍ በሳሙና ውሃ ቢጫ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ዋለ፣ የማይታይ ጽሑፍ የሚታይ ሲሆን። ጾሙንም ረሳው።

ወርቃማ ማርከሬን ግን ሰጥቼዋለሁ ማለት አይደለም። እሱን ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ሁለት ጊዜ "አይሆንም" ብየዋለሁ። አንድ ናት ያለችኝ፣ አዲስ አበባ ከሄደ ሰው ነው ያስመጣኋት፣ ለሽፋኖቹ ሐረግ ነው የምፈልጋት። (ሐረግ ማለት የብራና መጻሕፍት መግቢያ ላይ ያለው የተጠላለፈ ጌጥ ነው። ስብሰባ ላይ ሰው ደብተሩ ዳር የሚሞነጫጭረው ነገር እኮ በመላ ከተያዘ ሐረግ ነው፣ ማንም ይችለዋል፤ አንድ መስመር በላይ፣ ቀጣዩ በታች፣ እንደ ሰፌድ።)

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን፣ ማሙሽን ይዤ። ሁልጊዜ ለመሳለም ነው የምሄደው፣ ዛሬ እንደ ተማሪ ልይ ብዬ ነው። ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ከ100 በላይ ናቸው፣ ማሙሽ ቆጥሬ እጨርሳለሁ ብሎ አንገቱን ቀና እንዳደረገ ሦስት ጊዜ ተምታታበት። ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፣ ግን ሲታዩ አይደሉም፣ ቅንድቡ ትንሽ ይለያል፣ አንዱ ወደ ጎን ያያል፣ አንዱ የሰለቸው ይመስላል። ያ ነገር በጣም አጽናናኝ። ደጋግሞ መሳል ማለት አንድ ዓይነት ማውጣት አይደለም።

ውጭ ዛፍ ስር ቁጭ ብለን ሳልን። እኔ ከዓይን ነው የምጀምረው፣ መጀመሪያ ትልልቅ ሁለት ዓይን፣ ከዛ ፊቱ ራሱ ይመጣል። ማሙሽ ያየውን ጠየቀኝ፣ "ለምንድነው አንዳንዱ ሰውዬ አንድ ዓይን ብቻ ያለው?" የጥንቱ የሥዕል ደንብ ነው አልኩት፣ ቅዱሳንና ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው፣ ሰይጣኑ፣ አሳዳጁ በጎን ይሳላል፣ በአንድ ዓይን። አሰበ አሰበና "ስለዚህ የሒሳብ አስተማሪያችን" አለ። እዛው ሳለው፣ በአንድ ዓይን፣ በትልቅ አፍንጫ። እኔም አንድ ደንበኛ ሳልኩ፣ ስሙ ይቅር፣ የ200 ገጽ ሒሳብ ሳይከፍል የጠፋ። ገጽ 29 በጣም ደስ የሚል ገጽ ነው።

ስንወጣ ስለ ንቦቹ ነገርኩት። ድርቡሽ በ1880 ጎንደርን ሲያቃጥል ይቺ ቤተክርስቲያን ተርፋለች፣ ንብ ወጥቶ አባረራቸው ነው የሚባለው። ሰሟ ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ አውጥቼ አሸተትኩት። "የነሱ ናት?" አለኝ። የልጅ ልጆቻቸው ሊሆኑ ይችላሉ አልኩት።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ሰፈሩ በጅራፍ ተናወጠ። ገጽ 32፦ የችቦ ከሰል ጭረት፣ የሙልሙል ቅርፊት (ተለጠፈ፣ አይጥ እንዳታይ)፣ ለሆያ ሆዬ የሰጠሁት ሳንቲም በእርሳስ ተፋቅቆ የወጣ ምስሉ። ሳንቲም ከወረቀት ስር አድርጎ ላዩን በእርሳስ ማሸት፣ አንበሳው ይወጣል።

ነሐሴ 18

የእማዬ ደብተር። ይሄን ነው በጣም የጓጓሁለት። ልጃገረድ ሆና ፎቶ ቤት የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ፣ አፍሮ ጸጉር፣ እጇን አገጯ ላይ። እሱን ሽፋኑ ላይ ማድረግ ፈለግኩ፣ መለጠፍ ሳይሆን ጨርቁ ላይ እንዲታተም።

የፎቶኮፒ ቤት ሰው መሆን እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። ቶነር በሙቀት ወረቀት ላይ የተጣበቀ ፕላስቲክነት ያለው ዱቄት ነው፣ አሴቶን ያሟሟዋል። ኮፒውን በፊቱ ጨርቁ ላይ ደፍቶ በስኮች መያዝ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ (አሴቶን ያለበት መሆን አለበት፣ የሌለበትም አለ) በጥጥ ጀርባውን ማርጠብ፣ በማንኪያ ጀርባ አጥብቆ ማሸት፣ ሳያንቀሳቅሱ አንዱን ጥግ ገለጥ አድርጎ ማየት። በኢንክ ጄት የታተመ አይሠራም። መስኮት ክፈቱ፣ ራስ ያዞራል።

ወጣ! አፍሮው፣ የአንገት ሐብሏ፣ ሁሉም። ትንሽ ሳሳ ብሎ፣ የድሮ ሕልም መስሎ። ስር ደግሞ "እንኳን አደረሰሽ" ብዬ አትሜ ነበር፣ እሱ ተገልብጦ ወጣ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በመስታወት ካልሆነ የማይነበብ። ፊቷም በሌላው በኩል ዞሯል እንግዲህ ግን እሱ አያስታውቅም። ከመታሸቱ በፊት ማሽኑ ላይ ገልብጦ ማተም ነበረብኝ፣ በየቀኑ የምሠራበት ማሽን ላይ አለ እኮ ቁልፉ። ሌላ ጥለት የለኝም። እንደዚሁ ይሁን።

ነሐሴ 26

ሻገተ።

ስድስት ደርሼ ነበር። እሁድ ሁለቱን ገና ያልደረቁትን በፌስታል ጠቅልዬ ሳጥን ላይ አስቀመጥኩ፣ ለምን እንደጠቀለልኩ እኔም አላውቅም፣ አይጧን ፈርቼ ነው። ዛሬ ስከፍት አረንጓዴ ፀጉር አብቅለዋል፣ ሽታው! አንዱ የየኔታ ነበር። ሐረጉን ሁለት ማታ የሠራሁት። እማዬ "ሙጫሽ ውስጥ ቅርንፉድ ጨምሪበት፣ ክረምት እኮ ነው" አለች፣ ከወር በፊት ብትይኝ ምናለ።

አልቅሻለሁ ትንሽ። ከዛ ከሻገተው ሽፋን ንጹህ የቀረውን ሐረግ በመቀስ ቆርጬ የጨዋታ ደብተሬ ላይ ለጠፍኩት፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ሻጋታ ሳልኩለት።

ለሌላ ጊዜ፦ ቅርንፉድ የተወቀጠ አንድ ቁንጥር። በደብተሩና በክብደቱ መሀል ጋዜጣ፣ ጋዜጣው ጠዋትና ማታ ይቀየራል። ቡና ከተፈላ በኋላ ከከሰሉ ራቅ አድርጎ ማቆም። ፌስታል የሚባል ነገር አይታሰብም።

ነሐሴ 29

የመስኮቱ ሙከራ ውጤት። ቀለም የቀባሁበትን ወረቀት ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ ሦስት ሳምንት መስኮት ላይ ትቼው ነበር። ጸሐይ ብዙም ሳይወጣ እንኳን እርዱ በተገለጠው በኩል ገርጥቶ ሊጠፋ ነው፣ ቀይ ስሩ የዛገ ቆርቆሮ መስሏል። ቡናው እዛው ነው። ጥቀርሻው ንቅንቅ አላለም። የኔታ ሳሳያቸው ምንም አልተደነቁም።

ጳጉሜ 2

የየኔታን እንደገና ሠራሁ። በሥራ ሰዓት፣ በቆመ ማሽን ላይ፣ አምስት ጥራዝ ብቻ ስለሆነ ቀጠን ይላል። ሐረግ የለውም ዘንድሮ፣ ሽፋኑ ጥቁር ጨርቅ ብቻ። ስፌቱ ግን እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ የተሻለ ነው፣ አንድም ቦታ አልሰነጠቅኩም።

ጳጉሜ 5

ቆጠራ። የደረሰ 5፦ እማዬ፣ የኔታ፣ እትዬ፣ የሥራዬ ልጅ፣ ማሙሽ። ለእህቴ አልደረሰም፣ እዳ ነው፣ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ሰም ይዤ እቀበላታለሁ። ባለባጃጁ... አፉን የማይዘጋውን ትልቁን ሰጠሁት፣ አፍሬ እያሳየሁት። ከፍቶ መሪው ጎን ላይ አስቀመጠው፣ ተከፍቶ ቀረ፣ ልክ የሚፈልገው እንደዛ ሆኖ። "የቤንዚን ሒሳብ ስይዝ በአንድ እጄ አልይዘውም ማለት ነው" አለ። ዋጋ ሊያስከፍለኝ አልፈለገም ጠዋት።

ማሙሽ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቶ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ሲሠራ ዋለ። እንዳልገባ ከልክሎኛል። ከሱቅ 20 ኤ ፎር ሰጥቼዋለሁ፣ ከብልሽቱ አይደለም፣ ንጹህ።

መስከረም 1

ገና ሳይነጋ ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ሴት ልጆቹ አበባየሆሽ እያሉ ጓሮውን ሞሉት። ለእማዬ ሰጠኋት። ፎቶውን አይታ ብዙ ዝም አለች፣ ከዛ የተገለበጠውን ጽሑፍ አየችና "ይኸ ምን ቋንቋ ነው?" መስታወት አምጥቼ ሳሳያት በመስታወት ውስጥ አነበበችው፣ ሁለት ጊዜ። ለእትዬ ልታሳያት ስትሄድ መስታወቱንም ይዛ ሄደች።

የኔታ ጀርባውን ነው መጀመሪያ ያዩት፣ ሽፋኑን አይደለም። በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ዳበሱና "ይህች ትይዛለች" አሉ።

ማሙሽ በር በር ሲያንኳኳ ቆይቶ ኪሱ ሳንቲም ሞልቶ መጨረሻ እኔ ጋ መጣ። ለሰፈሩ በሙሉ አበባና ጸሐይና መልአክ ነው የሰጠው፣ ክንፉ በእርድ ቢጫ። ለኔ የተለየ ነው አለኝ፣ ጠቅልሎ ከጀርባው ደብቆ ይዞታል። "ክፈይ መጀመሪያ" አለ። 10 ብር ሰጠሁት። "ያንቺ 20 ነው።" 20 ሰጠሁት።

ስፈታው፣ ሴት ናት። ፀጉሯ የኔ ነው፣ የሱቁ ጋውን አለ፣ ጠረጴዛው ስር ያለችው የብልሽት ካርቶን ሳትቀር አለች። እጇ ላይ በእርድ የተቀባ ቢጫ ማርከር ጥርቅም አድርጋ ይዛለች። ወደ ጎን ዞራለች። አንድ ዓይን ነው ያላት።

ገጽ 58 ላይ ለጠፍኩት። ማርከሯን ሰጥቼዋለሁ።